የ2009 ዓ.ም ተወዳጅ ዘፈኖች ወሎ ላይ የትኞቹ ነበሩ? የአባቴ ደብተር እጄ ላይ አለ

የካሴት_ቤቷ_ልጅ፦
ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች፣ ሌሎቻችሁም እንዴት ናችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው ዛሬ ግን እኔም ልጽፍ ነው። ሰሞኑን የ2009ን ተወዳጅ ዘፈኖች በደረጃ ያወጡ ልጆች አየሁና ደስም አለኝ ከፋኝም። ደስ ያለኝ ያ ዓመት በመታወሱ ነው። የከፋኝ ደሞ ዝርዝሩ በሙሉ ከዩቲዩብ ላይ የተለቀመ ስለሆነ። እኔ በዛ ዓመት ደሴ ፒያሳ አባቴ ሱቅ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጬ የዋልኩ ሰው ነኝ፣ ሰው ምን ብሎ እንደሚገባና ምን አስሞልቶ እንደሚወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ያ ዝርዝርና የሰማሁት አይገናኙም።

አባቴ ካሴት ሸጦ ነው ያሳደገን። ከዛ ሲዲ መጣ፣ ሲዲውም እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሚሞሪና ፍላሽ መሙላት ጀመረ። ሁሉን ነገር የሚጽፍ ሰው ነበር። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዝቶ በማስመሪያ ያሰምርና ቀን፣ ምን ፈለገ፣ ስንት ጊጋ፣ ስንት ብር እያለ ማታ ማታ መብራት እስኪጠፋ ይጽፋል። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቱንም ሱቁንም ዘግተን ወጣን። ስንመለስ ሱቁ ባዶ ነበር፣ ኮምፒውተሩ የለ፣ ስፒከሩ የለ፣ ያ ሁሉ ዘፈን ያለበት ሃርድ ዲስክ የለ። ደብተሮቹ ግን መሬት ላይ ተበትነው አገኘናቸው። አባቴ ምንም ሳይል አጎንብሶ አንድ በአንድ ለቀማቸው፣ አቧራቸውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። አምና አረፈ። እስከ ዘንድሮ ልከፍታቸው አቅቶኝ ነበር።

አሁን የ2009ኙን ከፍቼዋለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ነገር ማንም ሰው የዘፈን ርዕስ አይጠራም፣ አባቴም ያሉትን እንዳሉት ነው የጻፈው። "የማሩ"። "የመቅደላው"። "ያ አገሩን የሚጠራው"። ሌላ ቦታ ላይ ደሞ የዘፋኝ ስም ጭራሽ የለም፣ ቅኝቱን፣ ማለት የዜማውን ስልት ብቻ ነው የሚጠሩት፣ "አምባሰል ብቻ"፣ "ባቲ፣ የድሮ የድሮውን"። የተደጋገመውን በመስመር ይቆጥራል፣ አራት ቆሞ አምስተኛው ይጋደማል። ከሚያዝያ 24 በኋላ ያሉት ገጾች በመስመር ብዛት ጠቁረዋል። ግንቦት 18 ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ለምን እንደሆነ የወሎ ልጅ ያውቀዋል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ እናንተስ ባላችሁበት ምን ይሰማ ነበር? ሰርግ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ገበያ። የወሎን የ2009 ዝርዝር እኛው እናውጣው።

ዳታ_ተኮር፦
በመጀመሪያ ነፍስ ይማር እህቴ፣ አባትሽን ሳላውቃቸው አልቀርም ፒያሳ ካደግኩ። ግን በአንድ ነገር አልስማማም። የ2009 አንደኛ ምንም ክርክር የለውም፣ የቴዲ አፍሮ "ኢትዮጵያ" አልበም ነው። ሚያዝያ 24 ወጣ፣ በወሩ ውስጥ የቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ፣ የአማርኛ አልበም እዛ ቦታ ላይ ማየት ለኛ ምን ማለት እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ደብተር ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የአንድ ሱቅ ነው። ቁጥር ካለ ለምን በትዝታ እንከራከራለን?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ዳታ_ተኮር ወንድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ሰንጠረዥ የሚቆጥረው አሜሪካ ውስጥ የተሸጠውን ነው። እኛ ነን የገዛነው። እኔ ራሴ ሁለቴ ከፍዬ ገዝቻለሁ፣ አንዱን ለራሴ አንዱን ለእህቴ፣ ሀበሻ ሬስቶራንት የገባ ሰው ሁሉ ገዛህ ወይ ተብሎ ይጠየቅ ነበር፣ አገራችን በሰው ፊት ከፍ ብላ እንድትታይ ብለን ነው በሙሉ ልብ። ኮራንበት፣ ዛሬም እኮራበታለሁ። ግን ከዛ ተነስቶ ደሴ ላይ ምን ተሰማ ማለት አይቻልም። ደሴ ያለው ሰው አንድም ቁጥር ውስጥ አልገባም። አገር ቤት የዘፈን ሽያጭ በየሳምንቱ የሚቆጥር አካል የለም እኮ፣ ስለዚህ የእህታችን አባት ደብተር ከቢልቦርድ ይልቅ ለወሎ ይቀርባል።

ሐረጎ_ቁልቁለት፦
እህት ዓለም ነፍሳቸውን ይማር። እኔ በዛን ጊዜ ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳ ነበር። ዩቲዩብ የምትሉት ነገር ለኛ የት ነበርና፣ ዓመቱ ሲጀመር አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ዳታ ወደ ሁለት ወር ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፣ ተከፈተ ብለን ደስ ሲለን ደሞ ግንቦት መጨረሻ ላይ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተብሎ ድጋሚ ጠፋ። ስለዚህ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ በሻሪትና በዜንደር ነው የሚዞረው፣ መኪና ውስጥ ደሞ ፍላሽ ነው። መናኸሪያ ቆመን ወረፋ ስንጠብቅ አንዱ ሹፌር አዲስ ነገር ካመጣ ሁላችንም ስልካችንን ይዘን እንከበዋለን።

አሁን "የመቅደላው" ስትዪ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። አፄ ቴዎድሮስን የሚያነሳውን ዘፈን ከፍቼ ሐረጎን እየወረድኩ ነው፣ ጠመዝማዛውን ታውቁታላችሁ፣ ከኋላዬ አንድ ከተንታ የመጡ ሽማግሌ አሉ፣ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘው። ዝም ብለው ሰሙ ሰሙና ሲያልቅ "ድገመው ልጄ" አሉኝ። ደገምኩላቸው። ሦስተኛ ጊዜ እኔው ራሴ ደገምኩት። ከዛ ለአጠገባቸው ልጅ ማስረዳት ጀመሩ፣ "ይኸ ጎንደር የሚመስላችሁ እኛ አገር እኮ ነው የሞተ፣ መድፉ ሴባስቶፖል አሁንም አምባው ላይ አለ፣ እኔ በእጄ ነክቸዋለሁ" እያሉ። ሚኒባሱ በሙሉ ጸጥ አለ፣ ሂሳብ የሚሰበስበው ረዳቴ እንኳ ቆሞ ይሰማል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሽማግሌው ሲወርዱ እጄን ይዘው መረቁኝ። ለኔ የ2009 አንደኛ ያ ነው፣ በቁጥር አላውቅም።

ዲጄ_ከኮምቦልቻ፦
ይሄን ክር ዛሬ ነው ያየሁት፣ ከሥራ ገብቼ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ግንቦት 18 ለምን እንደቆመ ለማያውቁ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የ2009 ነገር በሙሉ እዛ ውስጥ ነው ያለው።

እኛ ወሎዎች ግማሻችን ክርስቲያን ግማሻችን ሙስሊም ነን፣ አንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሁለቱም አለ። ስለዚህ ሰርግ የሚኖርበት ጊዜ በሁለት ጾም መሀል ነው። በ2009 ፋሲካ ሚያዝያ 8 ዋለ። ከፋሲካ በፊት ሁለት ወር ዓቢይ ጾም ስለሆነ የክርስቲያን ሰርግ የለም። ረመዳን ደሞ ግንቦት 19 ገባ። ቁጠሩት፣ ከሚያዝያ 8 እስከ ግንቦት 18 ስድስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ሙስሊሙም ረመዳን ሳይገባ ልዳር ይላል፣ ክርስቲያኑም ፋሲካ አለፈ ሰኔ ሳይገባ ልዳር ይላል፣ ድንኳን ጠፋ፣ ወንበር ጠፋ፣ ዲጄ ጠፋ። እኔ በቀን ሁለት ሰርግ የሠራሁበት ጊዜ ነበር፣ ምሳ አንዱ ጋ ማታ ሌላው ጋ፣ ስፒከር በባጃጅ እየጫንኩ።

እና ያ አልበም የወጣው ሚያዝያ 24 ነው። ልክ ሰርጉ የእሳት ያህል በተጋጋለበት። መጋቢት ላይ ወጥቶ ቢሆን ጾም ያዳፍነው ነበር፣ ሰኔ ላይ ቢወጣ እኛ ጋ ረመዳን ነው። ሦስት ሳምንት ተኩል አግኝቷል፣ በዛች ሦስት ሳምንት ተኩል ውስጥ ነው ወሎ የሰማው። "ማር እስከ ጧፍ"ን፣ ደብተሩ ላይ "የማሩ" የተባለውን፣ ያላዘዘኝ ሰርግ አላስታውስም። ለሚዜዎች ጭፈራ ሳይሆን ሙሽሮቹ ሲቀመጡ፣ ሰው ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ፣ ያን ጊዜ ነው የሚፈልጉት። እድሜያቸው ገፋ ያሉት በተለይ፣ የፍቅር እስከ መቃብርን ታሪክ በሬዲዮ ትረካ የሰሙ ሰዎች ናቸው፣ የበዛብህና የሰብለ ነገር መሆኑን ሲያውቁ ሹካቸውን አስቀምጠው ይሰማሉ።

ግን አሁን እውነቱን እናውራ። ሰርጉ ሲሞቅ፣ እስክስታ ሲጀመር፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሲያስሩ ያን አልበም አልከፍትም። ማሪቱ ለገሰን ነው የምከፍተው። በ2009ም፣ በ2008ም፣ ዘንድሮም።

ባቲ_ሰኞ፦
አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ይዘንላቸው።

ባቲ ላይ ደሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሰኞ ገበያ የመጣችሁ ታውቃላችሁ፣ አፋሩ ከታች ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ኦሮሞው ከዙሪያው ይመጣል፣ አማራው ከላይ ይወርዳል። አንድ ሱቅ በር ላይ ያለ ስፒከር በቀን ሦስት ቋንቋ ይዘፍናል። እናንተ የአማርኛውን ብቻ ነው የምትቆጥሩት። የሃጫሉ ሁንዴሳ "ማላን ጅራ" የወጣው በ2007 ነው፣ ግን በ2009 ከሚሴና ባቲ ላይ ገና ትኩስ ነበር፣ ወጣቱ ሁሉ ስልክ ላይ አለ። አፋሮቹ ደሞ የራሳቸውን ዘፈን ከሎጊያ በሚሞሪ አምጥተው ለባለ ሱቁ ይሰጡታል እንጂ ከሱ አይወስዱም። ስለዚህ የወሎ ዝርዝር ካላችሁ እነዚህን ካላስገባችሁ ወሎ አይሆንም።

ክራር_ደርዳሪ፦
ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ ደስ ሲል። እኔ ሙዚቃ አስተምራለሁ፣ ከደብተሩ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ። ሰው "አምባሰል ብቻ" ብሎ ሲመጣ አባትሽ የማንን ነበር የሚሞሉት?

የካሴት_ቤቷ_ልጅ፦
የሁሉንም። የማሪቱ ለገሰን፣ የዘሪቱ ጌታሁንን፣ የወሎ ላሊበላ ኪነትን የድሮ ካሴቶች፣ በዋሽንት ብቻ የተሠራም ነበረው። "አምባሰል" የሚል ፎልደር ነበር፣ "ባቲ" የሚል ፎልደር፣ "ትዝታ" የሚል፣ "አንቺ ሆዬ" የሚል። ከነዛ ቀጥሎ ነው "አዲስ" የሚለው። ከተማው ውስጥ ሌላ ሱቅ በዘፋኝ ስም ነው የሚያስቀምጠው የኛ በቅኝት ነበር።

ደሞ አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ኅዳር ላይ ሦስት አራት ቦታ "ትዝታ ጠየቀ" ይልና ከጎኑ በቅንፍ "አምባሰል ነው የፈለገ" ብሎ ጽፎበታል። ሰውየው ስሙን ተሳስቶ ነው ወይስ አባቴ ነው እንደዛ የወሰነለት?

ክራር_ደርዳሪ፦
እሱን ነው የፈለግኩት! አልተሳሳተም ሰውየው። ስሚ፣ ትዝታ ሁለት ዓይነት አለ፣ ሜጀርና ማይነር የምንለው። ማይነሩን ከዶ ብትጀምሪ ዶ ሬ ሚቤሞል ሶል ላቤሞል ነው። አሁን እነዛኑ አምስት ድምፆች ሳትለውጪ ከሶል ጀምሪያቸው፣ ሶል ላቤሞል ዶ ሬ ሚቤሞል። አምባሰል ሆነ! አንዲት ኖታ አልተቀየረችም፣ ማረፊያው ብቻ ነው የተቀየረው። ክራሬን ለትዝታ ማይነር ቃኝቼ ሳለሁ ተማሪዬ ዜማውን ሌላ ቦታ ላይ ካሳረፈው ሳያውቀው አምባሰል ውስጥ ይገባል፣ ሁሌ የሚሆን ነገር ነው።

ስለዚህ ጆሮው ያልተማረ ሰው ስሜቱን ይዞ ትዝታ ነው ብሎ ይመጣል፣ አባትሽ ደሞ ሲያንጎራጉርላቸው የት ላይ እንደሚያርፍ ሰምተው አምባሰል ነው ብለው ጻፉ። እኚህ ሰውዬ ሱቅ ውስጥ የተቀመጡ የሙዚቃ መምህር ነበሩ። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ በወሎ አገር ስም ነው የሚጠሩት፣ ባቲ ከተማ ነው አምባሰል ተራራ ነው፣ ይሄን ለልጆቻችን በደንብ አልነገርናቸውም።

አሁን ግን የሚከብደኝን ልናገር፣ እንዳትቀየሚኝ። እኔ ሁለት አልበም ላይ ክራር ተጫውቻለሁ። ሚሞሪ በሚሞላበት በእያንዳንዱ ሱቅ ሥራችን ነበር፣ ከዛ ውስጥ ለኛ የደረሰ ሳንቲም የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብት አዋጁ 410/1996 ከወጣ ቆይቷል፣ በ2007ም ተሻሽሏል፣ ሱቆቹ ግን እንደዛው ቀጠሉ። ብዙ ጓደኞቼ ሙያውን የተዉት በዛ ምክንያት ነው። ደብተሩን ስትገልጪ ያ ሁሉ የተጋደመ መስመር ለኔ ያልተከፈለ ደሞዝ ሆኖ ነው የታየኝ። አባትሽን ለመውቀስ አይደለም፣ ግን ዝም ብዬ ባልፈው ለባልደረቦቼ ታማኝ አልሆንም።

የካሴት_ቤቷ_ልጅ፦
አልቀየምህም። ትናንት ማታ አንብቤው እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ነው አሁን የምመልሰው።

ልክ ነህ። አባቴም ያውቀው ነበር። ያ አልበም ሲወጣ ኦሪጅናል ሲዲውን በካርቶን አምጥቶ የመጀመሪያውን ሳምንት ሚሞሪ ላይ አልጭንም አለ። ሲዲ ብቻ። በር ላይ በካርቶን ጽፎ ለጠፈ። ሰው እየመጣ "ማጫወቻ የለኝም እኮ ጋሼ" ይለዋል፣ እውነትም የለውም፣ ሲዲ ማጫወቻ በዛን ጊዜ ከየቤቱ ጠፍቷል። ወጥተው ሁለት በር አልፈው ይሞላሉ፣ እኛም እናያለን። ስምንተኛው ቀን ላይ ካርቶኑን ቀደደው። ደብተሩ ላይ ያን ቀን "ዛሬ ጀመርሁ" ብሎ ብቻ ነው የጻፈው፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር አይጽፍም። እኔም በዛን ጊዜ ትምህርት ቤት ልከፍል ነበርና ገንዘቡ የት እንደገባ አውቃለሁ። ይቅርታ ልልህ የምችለው በሱ ስም ሳይሆን በራሴ ነው፣ እኔ ነበርኩ ፋይሉን የምጎትተው።

ክራር_ደርዳሪ፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ካርቶኑን መለጠፋቸው ብቻ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ እንደዛ ያደረገ ሱቅ መኖሩን ዛሬ ነው የሰማሁት። ለጓደኞቼም እነግራቸዋለሁ።

ዳታ_ተኮር፦
ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ማለት ይከብደኛል ግን አንድ ነገር ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ የተሰማ ምንድነው የሚለውና በዛ ዓመት የወጣ ምንድነው የሚለው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው። ለሁለተኛው አሁንም "ኢትዮጵያ" ነው የምለው፣ ርዕሱን የያዘው ዘፈን ከአልበሙ ቀድሞ ወጥቶ ሰው በቃሉ ይዞት ነበር፣ ነሐሴ 28 ደሞ አዲስ አበባ የአልበሙ ምርቃት በፖሊስ ሲታገድ ጭራሽ ሰው ወደ ዘፈኑ ባሰበት። ለመጀመሪያው ጥያቄ ግን የደብተሩ መስመር ምን ይላል? አምባሰል በልጦ ነው?

የካሴት_ቤቷ_ልጅ፦
አዎ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ብቻ ነው የተበለጠው። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለውን ሳየው አምባሰል ከላይ ነው፣ ባቲ ይከተላል። ሐዘን ቤት የደረሰበት ይመጣል፣ ልጁን ዓረብ አገር የላከ ይመጣል፣ ሙሽራ ይመጣል። ሁሉም አምባሰል። ከረመዳን ገጽ በቀር ማለት ነው፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው። ከግንቦት 19 ጀምሮ አባቴ እስኪሪብቶውን ወደ አረንጓዴ ቀይሮታል፣ አንድ የዘፈን መስመር የለም፣ በሙሉ መንዙማ ነው። መስመሩ ከግንቦቱ የሚያንስ አይመስለኝም። ስለዚህ ሦስተኛ ደረጃ መንዙማ ብል ምን ትላላችሁ?

የጫሌ_መንገደኛ፦
ልጄ ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ አባትሽን አላህ ጀነት ያግባልን። እኔ ብዙ መጻፍ አልችልም የልጅ ልጄ ነች እየነገርኳት የምትጽፈው።

መንዙማን ከዘፈን ጋር በአንድ መስመር ደረጃ አትስጪው። ዘፈን አይደለም። ነቢዩን ማወደሻ ነው፣ ዱዓ ነው፣ ሰውየው ሲያወጣው ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ነው። በጫሌ፣ በገታ፣ በዳና፣ በጀማ ንጉሥ የኖሩ ትልልቅ ሼሆች የደረሱት ነው፣ አማርኛውን በዓረብ ፊደል እየጻፉ ያቆዩልን። ሐድራ ላይ ድቤ ይመታል፣ ጀመዓው ይቀበላል፣ ቡና ይወጣል፣ ሌሊቱን ያነጋዋል። ይኸን ጨፋሪ ከሚጨፍርበት ነገር ጋር አንደኛ ሁለተኛ ሦስተኛ ቢሉት ሼሆቹን ቅር ያሰኛል። አባትሽ እስኪሪብቶ የቀየረው ይኸን አውቆ ነው። ክርስቲያን ሆኖ ሳለ አወቀ።

የካሴት_ቤቷ_ልጅ፦
አባባ አንቱ እንዳሉት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰማያዊው ቀለም አልቆበት ነው ብዬ ነበር የማስበው። አሁን የ2008ንም የ2010ንም ደብተር አውጥቼ አየሁ፣ በሁሉም ረመዳኑ አረንጓዴ ነው። ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ።

ክራር_ደርዳሪ፦
አባታችን የተናገሩት ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ከሙያዬ ልጨምር፣ ብዙው የወሎ መንዙማ ዜማው የቆመው በነዚሁ ቅኝቶች ላይ ነው። እስኪሪብቶው ቢቀየርም ጆሮው ያው የወሎ ጆሮ ነው።

ኡሙ_ሀያት፦
እኔ ከጅዳ ነው የምጽፈው፣ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዛሬ ነው ሁሉንም ያነበብኩት። "ልጁን ዓረብ አገር የላከ ይመጣል" የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ።

በ2009 መጋቢት ላይ ሳዑዲ ፈቃድ የሌለው ሁሉ በዘጠና ቀን ይውጣ ብላ አዋጅ አወጣች። እኔ ፈቃድ ነበረኝ፣ አብረውኝ ይኖሩ ከነበሩት ግን ብዙዎቹ ወጡ፣ ሻንጣ እያሰርን፣ እየተላቀስን፣ ቤቱ ባዶ ሆነ። አንዷ ከሄደች በኋላ ሰው በመጣ ጊዜ ከእናቴ አንዲት ሚሞሪ በወረቀት ተጠቅልላ ደረሰችኝ። ያስሞላችው ኮምቦልቻ ነው፣ የአባትሽ ሱቅ አይደለም። አምባሰል ነበረበት፣ ያ አዲሱ አልበም ነበረበት፣ ኸይር ያርግልኝና መንዙማም ነበረበት። በመሀል መሀል ደሞ እናቴ በስልክ የቀዳችው ድምጿ አለ፣ "ሀያትዬ በላሽ ወይ" ትላለች፣ ከጀርባዋ ዶሮ ይጮሃል፣ የሰፈራችን አዛን ይሰማል። ዘፈኑን ሁሉ በቅደም ተከተል አላዳምጠውም ነበር፣ ድምጿ የሚመጣበትን ቁጥር አውቄው ከሱ በፊት ያለውን ዘፈን ነበር የምከፍተው፣ እሱ ሲያልቅ እሷ እንድትመጣ። እሱ ዘፈን አምባሰል ነው። ለኔ የ2009 አንደኛ ብትሉኝ እሱ ነው፣ በምን ምክንያት እንደሆነ ነገርኳችሁ።

እህቴ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ረመዳኑ ካለቀ በኋላ ያለውን ገጽ ፈልጊልኝ። ዒዱ እሑድ ነበር የዋለው ሰኔ 18፣ እናቴ በስልክ የነገረችኝን አስታውሳለሁ። ማግስቱን አባትሽ ምን ጻፉ?

ሐረጎ_ቁልቁለት፦
እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ የዒድ ማግስት መንገዱ በሙሽራ መኪና ነበር የተጨናነቀው።

የካሴት_ቤቷ_ልጅ፦
አገኘሁት። አረንጓዴው እሑድ ላይ ያበቃል፣ ሰኞ ሰማያዊ ነው። ገጹ ትንሽ ውሃ ነክቶታል ግን ይነበባል። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጠዋት ነው የመጣች፣ እኔ አልነበርኩም ያን ቀን። ያለውን እንዳለ ልጻፍልሽ ኡሙ ሀያት፦

"ሰኔ 19። ሙሽራ ናት፣ ከእህቷ ጋር። አምባሰል በሙሉ። የማሩ። የሚሞሪዋን መንዙማ አታጥፋብኝ ብላለች፣ አላጠፋሁም። 8 ጊጋ። ስጦታ ነው፣ ብር አልተቀበልሁ።"